56 ተማሪ ባለበት ክፍል እንግሊዝኛ ማናገር እንዴት ይቻላል?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)
ሰላም መምህራን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ 56 ልጆች፣ በአንድ ዴስክ ሁለት ሁለት፣ ፔሬዱ 40 ደቂቃ። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ አይሳሳቱም። ተናገሩ ሲባሉ ግን እጅ የሚያወጡት እነዚያው ሦስት አራት ልጆች ናቸው። አንድ ለአምስት ሲደራጁም መሪው ይናገራል፣ የቀሩት በአማርኛ ያወራሉ። ከየት ይጀመር?

ሰባ ደረጃ
መምህር፣ መጀመሪያ ደቂቃውን ያስሉት። ሁሉም በየተራ ቆሞ ይናገር ቢባል ሙሉው ፔሬድ ለአንድ ልጅ 43 ሰከንድ አይሞላም። አምስት ሆነው ሲቀመጡ ደግሞ ዝም ማለት ይቻላል፤ ሁለት ሲሆኑ መደበቂያ የለም። ስለዚህ ጥንድ ያድርጓቸው።

የቋንቋ ማስተማር ባለሙያው ኪት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው፣ ተመራማሪው ፖል ኔሽንም በጥናት የፈተሸው 4/3/2 የሚባል ዘዴ አለ፦ አንዱን ጉዳይ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች በ4፣ በ3፣ በ2 ደቂቃ መናገር ነው። ለ9ኛ ክፍል 2 ደቂቃ፣ 1 ደቂቃ ተኩል፣ 1 ደቂቃ ይበቃል። በየዴስኩ በግራ ያለው ልጅ ብቻ አንድ ዴስክ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ወደ ፊት ይመጣል። በየዙሩ ሁለቱም ስለሚናገሩ ወሬው 9 ደቂቃ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ተኩል አወራ ማለት ነው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ርዕሱ በየዙሩ ከተቀየረ ፍጥነት አይመጣም፤ ምላስ የሚፈታው ያንኑ በመድገም ነው። ለዝግጅት 2 ደቂቃ ሲሰጡ ደግሞ ልጆቹ አምስት ቃል ብቻ ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገር ከጻፉ ያነቡታል እንጂ አይናገሩትም። በዝግጅቱ ሰዓት አማርኛ ይፈቀድ፣ ሐሳቡ የሚመጣው በእሱ ነው።

ካዛንቺስ
በዚያ ላይ፣ እባክዎ እያወሩ አያርሟቸው። በየመሐሉ እየዞሩ አምስት ስድስት ስሕተት ማስታወሻ ላይ ይያዙ፤ በመጨረሻ ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ራሳቸው ያስተካክሉት። የክፍል ሣቅ አንዴ ያሸማቀቀውን ልጅ መልሶ ማናገር በጣም ከባድ ነው።

ጠይቀው ሲጨርሱም ዝም ብለው ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይቁጠሩ። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው መምህራን የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ሲረዝም መልሱም እንደሚረዝም አሳይታለች።

አነባበብ ላይ አንዷን ነገር ብቻ ይያዙ፦ «እስኩል»፣ «እስቶፕ»። አፋችን በቃል መጀመሪያ ላይ እንደ «ስክ» እና «ስት» ያለ ሁለት ተነባቢ ተከትሎ ሲመጣበት «እ» ይጨምራል። «ስስስስ» ብለው ትንፋሹን እንዲያስረዝሙና ሳያቋርጡ ወደ «ኩል» እንዲገቡ ያድርጉ፤ «እ»ዋ መግቢያ ታጣለች።

ፒያሳ
ወሬው እውነተኛ ምክንያት ይፈልጋል። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ በሁለት ወረቀት ይሣሉ። በአንዱ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ይጻፉ፣ አንበሳ ግቢን ይተዉ፤ በሌላው አንበሳ ግቢን ይጻፉ፣ ሙዚየሙን ይተዉ። ጥንዶቹ ወረቀት ሳይተያዩ ተጠያይቀው የጎደለውን ይሙሉ። ጀርባ ለጀርባ ቢቀመጡ ይሻላል፣ ጣት መጠቆም ይቀራል።

ልጆቹ ንግግርን የሚንቁት ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ነው። ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ለንግግር ይመድቡ፣ በየፔሬዱ ሰባት ልጅ ብቻ ከጥንድ ወሬው ላይ ይመዝግቡ፤ በስምንት ፔሬድ ሁሉም ይዳረሳል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጫጫታውስ? ጎረቤት ክፍል አለ።

ሰባ ደረጃ
በጩኸት አያስቁሙ፣ ድምፁ ይብሳል። እጅዎን ያንሡ፤ ያየ ሁሉ ዝም ብሎ እጁን ያንሣ። ጎረቤት ፈተና ላይ ከሆነ ግን የዚያን ቀን የካርታውን ሥራ ይተዉት፤ ጀርባ ለጀርባ በሹክሹክታ አይሠራም።