«በድል መጠቀም» ወይስ «ድልን መግፋት»? የማሃርባል ንግግር ትርጉም

ሰምና ወርቅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪ የካኔን ጦርነት (216 ቅ.ል.ክ.) የሚተርክበትን ክፍል እየተረጎምኩ ነው። የፈረሰኞቹ አዛዥ ማሃርባል፣ ሬሳው ገና ሳይነሳ፣ ሮማውያንን ያሸነፈውን የካርቴጅ ጦር መሪ ሃኒባልን «ፈረሰኛውን ይዤ ልቅደም፤ በአምስተኛው ቀን ካፒቶል (የሮማ ኮረብታ) ላይ ድል አድርገህ እራትህን ትበላለህ» ይለዋል። ሃኒባል ወኔውን አድንቆ «ላስብበት» ሲለው፣ «አማልክት ለአንድ ሰው ሁሉን አይሰጡም። ማሸነፍ ታውቃለህ፤ በድል መጠቀም ግን አታውቅም» አለው። «መጠቀም» ንግድ ንግድ ሸተተኝ። «ድሉን መግፋት» ብለውስ?

የቆሎ ተማሪ፦
መግፋት ይሻላል። ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው! ሊቪም የዚያች ቀን መዘግየት ሮማን ከነግዛቷ እንዳዳነች ይታመናል ብሏል።

አንባቢው፦
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባልም አለ። ከካኔ እስከ ሮማ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈረሰኛ ደግሞ ግንብ አያፈርስም። ሃኒባል ሳጉንቱም የምትባል አንዲት ከተማ ለመያዝ ስምንት ወር ፈጅቶበታል።

እማማ ሆሄ፦
ሰምና ወርቅ፣ ልጄ፣ «መግፋት» አትበይ። ክርክሩን ገና በትርጉሙ ትዘጊዋለሽ፤ አንባቢሽ ሃኒባል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሰውዬው በድሉ ተጠቅሟል እኮ። ብዙ የደቡብ ኢጣሊያ ሕዝቦች ወደ እሱ ዞሩ፤ ትልቋ ከተማ ካፑዋም በሯን ከፈተችለት። ስሌቱ ሮማን ከአጋሮቿ ነጥሎ ለእርቅ ማስገደድ ነበር።

ያልቀናው ሌላ ቦታ ነው። እኛ «ድል ነሳ» የምንለው «ነሳ» ያው «እንቅልፍ ነሳኝ» የምንልበት፣ አሳጣ ማለት ነው። ሮማን ድል ነሳት፤ መሸነፏን ማሳመን ግን አልቻለም። የሃኒባል መልእክተኛ ካርታሎ ለድርድር ሲላክ፣ ሳይመሽ ከሮማ ግዛት ይውጣ ተባለ። የሮማ ሴኔት በሃኒባል የተማረኩበትን የገዛ ወታደሮቹን እንኳ ገንዘብ ከፍሎ አላስፈታም፤ ይልቁንስ 8,000 ባሪያ በመንግሥት ገንዘብ ገዝቶ አስታጠቀ። በአንድ ቀን 48,000 ያህል ሰው ያለቀበት (ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስማ 70,000 ያደርሰዋል) መንግሥት እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ይጠብቃል? እኔ በሃኒባል ቦታ ብሆን እኔም አልሄድም ነበር።

የቆሎ ተማሪ፦
እማማ፣ ታዲያ በ211 ለምን ሄደ? ሮማ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ተመለሰ አይደል?

እማማ ሆሄ፦
ያን ጊዜማ የሄደው የተከበበችውን ካፑዋን ለማስለቀቅ ነው፤ ሮማውያን ደንግጠው ከበባውን ይፈታሉ ብሎ። አልፈቱም። በዚያው ዓመት ካፑዋ ወደቀች።

አንባቢው፦
የ211ዱ ግን ለ216ቱ ማስረጃ አይሆንም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሮማ ስንት ጦር አደራጅታለች! እንዲያም ሆኖ «መጠቀም» ይቀመጥ ባይ ነኝ፤ የላቲኑም ግስ ያው ነው።

ሰምና ወርቅ፦
እሺ፣ «መጠቀም» ትቁም። አሁን ደግሞ «እራት» አነሰችብኝ፤ የላቲኑ ቃል የትልቅ ድግስ ነው። «ካፒቶል ላይ ግብር ትበላለህ» ብለውስ?

እማማ ሆሄ፦
ግብር የሚበላውማ ሠራዊቱ ነው፤ ጌታው ያበላል። «ግብር ታበላለህ» በይው።