አዳራሹ ይቅደም ወይስ እንግዳው? ስለ ኮንቬንሽን ቢሮ ምክር ፈልጌ ነበር

ጠያቂ፦ ጀማሪዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ቱሪዝም ነክ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሰሞኑን አንድ የቤት ሥራ ተሰጠኝ። አገራችን ዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን፣ ኤግዚቢሽኖችንና የንግድ ስብሰባዎችን እንድትስብ የሚረዳ የመነሻ ሰነድ በሦስት ወር ውስጥ አዘጋጂ ተብያለሁ።

የአለቃዬ ሐሳብ አንድና አንድ ነው፦ ትልቅ አዳራሽ ይሠራ፣ ከዚያ እንግዳው ራሱ ይመጣል። የኮሚቴው ግማሽም በዚህ ይስማማል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። አሁን ያሉን አዳራሾች ራሳቸው የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ተቆልፈው ነው የሚውሉት። ባለፈው አንዱን ልጎበኝ ሄጄ፣ ቁልፍ ያዡን ፍለጋ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ከምን ልጀምር? ኮንቬንሽን ቢሮ የሚባለው፣ ጉባኤዎችን ወደ አገር የሚጋብዘው መሥሪያ ቤት፣ ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ምን ይሠራል? ስብሰባዎቹስ ከየት ነው የሚገኙት? ትርጓሜውን ከመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ሥራው ውስጥ የነበረ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የጉባኤ ሰው

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ነገሩን ለያይተሽ እዪው። በእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃል "ማይስ" እየተባሉ በአንድ ከረጢት የሚታጨቁት አራት ነገሮች ጠባያቸው ለየቅል ነው። የኩባንያ ስብሰባ በጥቂት ወራት ውስጥ ተወስኖ ያልቃል፤ የሚወስነውም አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው። ኩባንያዎች ጎበዝ ሠራተኞቻቸውን የሚሸልሙበት ጉዞ ከአዳራሽ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም፤ ሰዎቹ የሚፈልጉት ለጓደኛ የሚወራ ነገር ነው። ኤግዚቢሽን ገበያ ይፈልጋል። ገዢ በሌለበት የማሳያ ቦታ የሚከራይ የለም። አራተኛው የሙያ ማኅበራት ጉባኤ ነው። የሐኪሞች፣ የመሐንዲሶች፣ የሒሳብ አዋቂዎች በያት።

ለጀማሪ አገር እኔ የምመርጠው ይህን አራተኛውን ነው። ለምን? ስለሚዞር። ዘንድሮ አንድ አገር ከሆነ በሚቀጥለው ሌላ ቦታ መሄዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ተራ የሚባል ነገር አለ። በዚህ ዘርፍ የታወቀው ዓለም አቀፉ የኮንግረስና ኮንቬንሽን ማኅበር፣ ባጭሩ "ኢካ"፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ይህ ማኅበር አንድን ጉባኤ ለመቁጠር የሚጠይቀው ቢያንስ 50 ተሳታፊ እንዲኖረው፣ በመደበኛነት እንዲካሄድና ቢያንስ በሦስት አገሮች መካከል እንዲዞር ነው።

50 ሰው! ይህን ለአለቃሽ አንብቢላቸው። ለ50 ሰው ሦስት ሺህ ወንበር የሚያስገነባ የለም።

ባጅ አንጠልጣይ

ስለ ቢሮው እኔ ልመልስ። የመጀመሪያው ኮንቬንሽን ቢሮ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1896 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ነው። ሚልተን ካርማይክል የሚባል ጋዜጠኛ፣ ጉባኤዎች ወደ ከተማዋ በራሳቸው ጊዜ እየመጡ ስለሆነ ነጋዴዎች ተባብረው ቢጋብዙ ምን ያህል ሊመጣ እንደሚችል ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ነጋዴዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተሰበሰቡና ይህንኑ ብቻ የሚሠራ ሰው ቀጥረው ወደ መንገድ አወጡት። ቢሮው ማለት ያ ሰውዬ ነው። ሻንጣውን ይዞ እየዞረ "ወደኛ ኑ" የሚል። ዛሬ ኢሜይልና የንግድ ትርዒት ተጨመረበት እንጂ ሥራው ያው ነው።

የዕለት ሥራውን ከጠየቅሽ፣ የሚዞሩ ጉባኤዎችን እየፈለገ ይመዘግባል። የማስተናገድ ጥያቄ ሲመጣ ከሆቴሎች፣ ከአዳራሾችና ከአየር መንገድ መልስ ሰብስቦ አንድ ሰነድ አድርጎ ይልካል። ወሳኞቹ ቦታ ለማየት ሲመጡ ይዞ ይዞራል። ጉባኤውን ራሱ አያዘጋጅም። ያ የአዘጋጅ ድርጅቶች እንጀራ ነው። ቢሮው እዚያ ውስጥ ከገባ የሚያገለግላቸውን ድርጅቶች ይፎካከራል፣ ከዚያ ማንም መረጃ አይሰጠውም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ የውጭ ማኅበር ጥያቄ ላከልን፦ 400 ሰው፣ ስምንት ትንንሽ ክፍሎች፣ ሦስት አማራጭ ቀኖች፣ መልስ በአሥር ቀን ውስጥ። ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራ፣ "ለሚመለከተው" እየተባለ ሲፈረምበት፣ በ23ኛው ቀን መልስ ወጣ። መልሱ ምን መሰለሽ? ብሮሸር። ሽፋኑ ላይ ፏፏቴ ያለበት። ክፍል ጠየቁን፣ ፏፏቴ ላክንላቸው። ሁለተኛ አልጻፉልንም።

ስለዚህ ሰነድሽ ውስጥ ከሁሉ በፊት ይህን ጻፊ፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኢሜይል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ። ለዚህ አራት ጎበዝ ሰው ይበቃል።

ጀማሪዋ

ፏፏቴዋ ገደለችኝ 😂 እኛም ቤት አለች። ግን ጉባኤዎቹን ፍለጋ ከየት ይጀመራል? በጭፍን ለማኅበራት ኢሜይል መበተን ነው?

ነጭ ጋዋን

ኢሜይል አትበትኚ። ጉባኤ የሚያመጣው የአገር ልጅ ነው።

እኔ ሐኪም ነኝ። 300 ሰው የተገኘበት የሙያችንን ጉባኤ ወደዚህ ያመጣሁት ዓለም አቀፉ ማኅበር ውስጥ የቦርድ አባል ስለነበርኩ ነው። ማኅበራት በአብዛኛው የሚሄዱት አባል ማኅበራቸው ወዳለበትና "እኛ እናስተናግዳለን" የሚል ሰው ወደተነሳበት ነው። አዳራሽሽ ወርቅ ቢሆን ጋባዥ ከሌለ ከውድድሩም አትገቢም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንወዳደር በድምፅ ተሸነፍን። ለምን መሰለሽ? የሌላው አገር ተወካይ ሲቀርብ በሚኒስትር የተፈረመ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሆቴል ዋጋና ርቀት በሠንጠረዥ፣ አጭር ቪዲዮ ይዞ መጣ። እኔ ከተረኝነት ወጥቼ ሌሊት የሠራኋቸውን ዘጠኝ ስላይዶች ይዤ ነው የቆምኩት። አንዷ "ከአየር ማረፊያ ሆቴሉ ስንት ደቂቃ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ በስብሰባ ሰዓት ትራፊኩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዤ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ዙር ነው የተሳካልን።

እነ ለንደንና ግላስጎው "የጉባኤ አምባሳደር" የሚሉት አሠራር አላቸው። ፕሮፌሰሩን፣ ተመራማሪውን ይፈልጉትና "አንተ ጋብዝ፣ ሰነዱን እኛ እንሠራለን" ይሉታል። የሰነድ ሥራው ከትከሻው ሲወርድ ሰው ይደፍራል። አንቺም ዩኒቨርሲቲዎችንና ሆስፒታሎችን ዙሪ። የምትጠይቂው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ከእናንተ መካከል በዓለም አቀፍ ማኅበር ቦርድ ወይም ኮሚቴ ውስጥ ያለ ማን ነው?" የሚገኘው ስም ብዛት ያስደነግጥሻል። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ስለ ጥቅሙ ከተነሳ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ አልጋና ምግብ ቤት ነው። እኔ ዓይኔ ላይ የቀረው ሌላ ነው። ውጭ ወጥተው ለመሳተፍ የማይችሉ ወጣት ሐኪሞቻችን ስማቸውን በመጻሕፍት ብቻ የሚያውቋቸውን ሰዎች ሻይ ሰዓት ላይ ከብበው ያዋሯቸው ነበር። ሁለቱ ከዚያ ሻይ የትምህርት ዕድል ይዘው ወጡ።

ዘጠኝ ሜትር ጣሪያ

ሁላችሁም አዳራሹን አጣጣላችሁት እኮ። የአዳራሽ ቴክኒክ ሰው ነኝ፤ ልቃወም።

ከ50 ሰው ተጀምሮ እዚያው አይቀርም። የአንድ ሺህ ሰው ጉባኤ ሲመጣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ምንም አያደርግለትም። ጠዋት ሁሉም አብሮ ይቀመጥና ከዚያ ስምንትና አሥር ቦታ ይበተናል። ትንንሽ ክፍሎቹ የት አሉ? ስፖንሰሮች ምርታቸውን የሚያሳዩበት ቦታስ? ሌላው ደግሞ "አንድ ሺህ ይይዛል" የሚባለው አዳራሽ ወንበር ብቻ ተደርድሮ ነው። ጠረጴዛ ስታስገቢ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል። ሁለቱን ቁጥር ለይቶ የማይነግርሽን አታምኚ።

የአስተርጓሚዎች ካቢን ሌላው ጣጣ ነው። ለአንድ ቋንቋ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይቀያየራሉ፣ ሥራው አእምሮ ስለሚያደክም። የተናጋሪውን ፊትና ስክሪኑን ማየት አለባቸው። እኔ የሠራሁበት አንድ አዲስ አዳራሽ ውስጥ ካቢኑ የተሠራው ምሰሶ ጀርባ ነው! አስተርጓሚዋ ቀኑን ሙሉ አንገቷን አስግጋ ዋለች፤ ማታ ላይ ቅባት ፈልጉልኝ አለች። የዕቃ መግቢያው በርም ጠቦ ነበር። ትልቅ የማሳያ ማሽን የመጣ ቀን ውጭ፣ ዝናብ ላይ ፈታተን ነው ያስገባነው።

አዳራሽ ይሠራ ከተባለ እሺ፣ ግን አርክቴክቱ ወረቀት ላይ መስመር ከማስመሩ በፊት ጉባኤ ያዘጋጀ ሰው፣ አስተርጓሚና ዕቃ ጫኝ ይጠየቁ። ዕቃ ጫኝ ያልኩት ለቀልድ አይደለም።

የጉባኤ ሰው

በዚህስ እስማማለሁ። ቅደም ተከተሉን ለማየት ሩዋንዳን ተመልከቱ። ኮንቬንሽን ቢሮዋን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የኪጋሊ ኮንቬንሽን ማዕከል የተከፈተው በ2016። ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የየትኛውም አገር ዜጋ ሲደርስ ቪዛ እንዲያገኝ አደረገች። በ2022 የኮመንዌልዝ መሪዎች ጉባኤ እዚያ ተካሄደ። ሕንጻው ሲመረቅ ደንበኛ የሚፈልግ ቢሮ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ካርቶን 14

ቪዛ ካነሣችሁ አይቀር ጉምሩክንም አንሡ እንጂ!

በአንድ ጉባኤ ላይ 14 ካርቶን መጣልን። የፕሮግራም መጽሔት፣ የአንገት ማንጠልጠያ፣ የማሳያ መሣሪያ። መጽሔቱን "የንግድ ዕቃ ነው" አሉን። ወረቀት ይዤ አምስት መስኮት ዞርኩ። አንዱ መስኮት የሚፈልገው ማኅተም ሌላው መስኮት ላይ ነው፣ ያኛው ደግሞ ምሳ ወጥቷል። ካርቶኖቹ የተለቀቁት በመዝጊያው ቀን ከሰዓት። እስከዛሬ መጋዘናችን ውስጥ አሉ፤ በር ለማስደገፍ ይጠቅማሉ።

ለዚህ መፍትሔ ያበጁ አገሮች አሉ። ኤቲኤ ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ፤ የሚሰጡት በአብዛኛው የንግድ ምክር ቤቶች ናቸው፤ እስከ አንድ ዓመት ያገለግላል። ታይቶ ተመልሶ የሚወጣ ዕቃ በዚያ ሰነድ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል፣ ይወጣል። የሚሠራው ግን ሰነዱን ለመቀበል በተስማሙ አገሮች ብቻ ነው። አገራችን ከሌለችበት ሰነድሽ ውስጥ አንድ ገጽ ይገባዋል። እስከዚያው ጉምሩክ ውስጥ ለጉባኤ ዕቃ የተመደበ አንድ ሰው ከስልኩ ጋር ብታገኚ ትልቅ ነገር ነው።

ቪዛ ላይም ዋናው ቁም ነገር መታወቁ ነው። ጥብቅ ቢሆንም አስቀድሞ የሚታወቅ ሕግ ይሻላል። የተናጋሪው ቪዛ ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአዘጋጁ ፀጉር የሚሸብተው ያኔ ነው።

ጀማሪዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አለቃዬ የሚጠይቁኝን ሁለት ነገር ደግሞ ላስቸግር፦ ማን ይክፈል? ውጤቱስ በምን ይለካ?

ባጅ አንጠልጣይ

ብዙ ቦታ መንግሥት ይጀምረዋል፣ ሆቴሎችና አዳራሾች በአባልነት ያዋጣሉ፤ ከአልጋ ላይ ትንሽ መዋጮ የሚሰበሰብበትም አለ። ገንዘቡ ባይበዛም ሆቴሎቹ ከኪሳቸው ካወጡ ጥያቄ ሲላክላቸው ቶሎ ይመልሳሉ። ለጉባኤ የሚሰጥ ማበረታቻ ካለ ከጉባኤው በኋላ ይከፈል፣ በተያዙት የአልጋ ሌሊቶች ልክ። አስቀድመሽ ከከፈልሽ 800 ሰው ይመጣል ያሉሽ 260 ይዘው ይመጣሉ።

አቆጣጠሩ ላይ የተጋበዘውን አትቁጠሪ፣ ባጁን የወሰደውን ቁጠሪ። ከውጭ የመጣውንና የአገር ውስጡን ለዪ። የአገር ውስጡ ሰው እዚህ ባይሰበሰብ ገንዘቡን እዚሁ ሌላ ነገር ላይ ያወጣው ነበርና እንደ አዲስ ገቢ አይቆጠርም። ትልልቅ ጉባኤዎች ቦታ የሚመርጡት ከሦስትና አራት ዓመት በፊት ስለሆነ ቢሮው በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጉባኤ አስተናገደ ተብሎ እንዳይገመገም። ስንት ጥያቄ መለሰ፣ ስንት ጊዜ ተወዳደረ፣ ስንቱን አሸነፈ ይባል።

ካነሣነው አይቀር ምዝገባን አትናቂ። 600 ሰው፣ አራት ጠረጴዛ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ብትይ አምስት ሰዓት ነው። መክፈቻው አለፈ ማለት ነው። ባጁን ከዋዜማው ጀምራችሁ ሆቴል ላይ ስጡ።

ጀማሪዋ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። በነጭ ጋዋን ምክር ሦስት ዩኒቨርሲቲ ዞርኩ። በዓለም አቀፍ ማኅበራት ውስጥ ኃላፊነት ያላቸው 17 ሰዎች አገኘሁ። አንዷ የአፈር ተመራማሪ ናቸው። ማኅበራቸው ለሚቀጥለው ዙር አስተናጋጅ እየፈለገ ነው፣ 180 ሰው ገደማ፣ ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። "ለሦስት ዓመት ሐሳቡ ነበረኝ፣ ማን ጋ እንደምሄድ ነው ያጣሁት" አሉኝ።

አለቃዬ አዳራሹን አልተዉም። ግን የተመራማሪዋን ወረቀት አይተው "እስቲ ይህቺን እንሞክር" ብለዋል። አሁን የድጋፍ ደብዳቤውን ማን ይፈርም በሚለው ላይ ነን።

ነጭ ጋዋን

ጎሽ! ደብዳቤው ላይ ሚኒስትሩ ይፈርሙ፣ ግን ረቂቁን አንቺ ጽፈሽ ውሰጂላቸው። "በደስታ እንቀበላለን" ብቻ እንዳይሆን። የተሳታፊዎች ቪዛ በስንት ቀን እንደሚያልቅ በቁጥር ይግባበት። ደግሞ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአየር ማረፊያ እስከ ሆቴሉ ሰዓት ይዘሽ ሂጂ።