«ፓይተን» ሁልጊዜ ዘንዶ ነው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራዬን ያስቆመኝን አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። ለወጣቶች የተዘጋጀ የጠቅላላ እውቀት መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «ፓይተን» አራት ቦታ ይገኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ አጋዘን የሚውጥ እባብ ነው፤ «ዘንዶ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደስም አለኝ። የራሳችን ቃል እያለ መዋስ አልወድም። ስለ ጥንት ግሪኮች በሚያወራው ምዕራፍ አምላካቸው አፖሎ የገደለው ፍጡር ሆኖ መጣ፤ እዚያም «ዘንዶ» አልኩ። የኮምፒውተሩ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን «ተማሪዎቹ በዘንዶ ፕሮግራም ይጽፋሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣኝ፤ ጮክ ብዬ ሳነበው አላስኬደኝም። አራተኛው የአንድ መርማሪ ፖሊስ ታሪክ ነው፤ «ፓይተኑን ከወገቡ መዘዘ» ይላል።

እነዚህ አራቱ በእርግጥ ይዛመዳሉ ወይስ በስም ብቻ ነው የተገጣጠሙት? አርታኢዬ «ሁሉንም ፓይተን በያቸውና ገላገይን» ይለኛል። እኔ ደግሞ ዘንዶን መጣል አልፈልግም።

ፕሮግራም ጸሐፊ፦
የኮምፒውተሩን እኔ ልመልስልሽ፤ የዕለት እንጀራዬ ነው። የቋንቋው ስም ከእባቡ አልመጣም። ፈጣሪው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ 1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በገና በዓል ሰሞን፣ በትርፍ ጊዜው ነው። በዚያን ጊዜ «ሞንቲ ፓይተንስ ፍላይንግ ሰርከስ» የተባለውን የቢቢሲ አስቂኝ ትርዒት ጽሑፎች እያነበበ ስለነበር አጭርና ለየት ያለ ስም ሲፈልግ ከዚያ ወሰደ። የመጀመሪያው እትም በ1991 ወጣ። ሁለቱ የተጠማዘዙ እባቦች ያሉበት ምልክት ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም እርሱ ነው።

ስለዚህ የተጸውዖ ስም ነውና አይተረጎም። ጃቫ የሚባለውም ቋንቋ ስሙን ከቡና ነው ያገኘው፤ «በቡና የተጻፈ ፕሮግራም» ግን አንልም። ልጆቹ ነገ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ የሚያገኙት ስም «ፓይተን» ነው፤ መጽሐፍሽ ሌላ ስም ካስተማራቸው ይቸገራሉ።

አላፊ አንባቢ፦
መርማሪው የመዘዘው ሽጉጥ ነው። ኮልት የተባለው ኩባንያ ከ1955 ጀምሮ የሠራው ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ ፓይተን ይባላል። ኩባንያው ለሽጉጦቹ የእባብ ስም ማውጣት ይወዳል፤ ኮብራም አናኮንዳም አለው። «ኮልቱን መዘዘ» ቢሉ አማርኛ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

የቃላት ወዳጅ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሌሊቱን መጻሕፍት ስገላብጥ አደርሁ። ሁላችንም እባቡ ቀድሞ የነበረ ስም ያለው፣ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የተዋሰ ይመስለናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ፍራንሷ ማሪ ዶዳን ይህን ስም ለእነዚህ እባቦች ወገን የሰጠው በ1803 ነው፤ ያገኘውም ከግሪኩ አፈ ታሪክ ነው። ፒቶን («ፓይተን» በግሪክኛው አጠራር) በግሪክ አገር በዴልፊ የነበረው፣ አፖሎ የገደለው አውሬ ነው። ግሪኮች ራሳቸው ስሙን «መበስበስ» ከሚለው ግሥ ጋር ያያይዙት ነበር፤ ሬሳው በፀሐይ የበሰበሰበት ቦታ ፒቶ ተባለ፤ የዚያ ቤተ መቅደስ ጠንቋይም ፒቲያ ተባለች።

አንድ ነገር ልብ በይ። ለአፖሎ በተዘመረው ጥንታዊ የግሪክ መዝሙር አውሬዋ ሴት ናት፤ በኋለኞቹ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው ወንድ የሆነችው። እንግሊዝኛ ይህን ሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል፤ በአማርኛ ግን «ገደለው» ወይም «ገደላት» ማለት ግድ ነውና ምንጭሽን ተመልከቺ።

እጅግ የነካኝ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቁጥር 16 ነው። በፊልጵስዩስ ጳውሎስን የተከተለችው ገረድ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የምዋርተኝነት መንፈስ» ያለባት ናት። ግሪኩ «የፒቶን መንፈስ» ነው የሚለው! ከዴልፊዋ ጠንቋይ የተነሣ የአውሬው ስም የጥንቆላ ስም ሆኖ ነበር። ተርጓሚዎቻችን «የዘንዶ መንፈስ» ቢሉ ኖሮ አንባቢው ራእይ ምዕራፍ 12 ላይ ወዳለው «ታላቁ ዘንዶ» ይሄድ ነበር፤ እርሱ ደግሞ በግሪኩ «ድራኮን» ነው፤ ሌላ ቃል። ቃሉን ትተው ትርጉሙን ያዙ፤ ትክክልም አደረጉ። ዘንዶ የምንለው ቃል ሥጋ ለባሹን እባብም፣ እሳት የሚተፋውን የተረት አውሬም፣ ዲያብሎስንም ይሸከማል። ሰፊ ቃል ነው፤ ስፋቱ ግን ያሳስታል። አርታኢሽ ግማሽ እውነት አላቸው፣ አንቺም ግማሽ።

የተሳቢዎች ተንከባካቢ፦
በሥራዬ እነዚህን እባቦች አጥባለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እመግባለሁ። ከላይ በተባለው ላይ አንድ የምጨምረው አለኝ፦ አማርኛ «ዘንዶ» ሲል ፓይተንን፣ ቦአንና አናኮንዳን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ሦስቱም መርዝ የላቸውም፣ ሦስቱም ጠምጥመው ነው የሚገድሉት። ነገር ግን ፓይተኖች የአፍሪካ፣ የእስያና የአውስትራሊያ ናቸው፣ እንቁላልም ይጥላሉ። የደቡብ አሜሪካው አናኮንዳ የቦአ ዘመድ ነው፤ ግልገሎቹን በሕይወት ይወልዳል። ከእባቦች ሁሉ ረጅሙ የደቡብ ምሥራቅ እስያው መረብ መሳይ ፓይተን ሲሆን ከስድስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በክብደት ግን አረንጓዴው አናኮንዳ ይበልጠዋል።

መጽሐፉ አጥንት ይሰባብራል የሚል ከሆነ እባክሽን ለአርታኢሽ ንገሪያቸው። ጠምጥሞ ሲያጠብቅ የደሙን ዝውውር ነው የሚያቆመው፤ ለዚህም ነው ታዳኙ በፍጥነት ራሱን የሚስተው። ሌላም ማንም የማይነግራቸው ነገር አለ፦ አንዳንድ የፓይተን እናቶች እንቁላላቸው ላይ ተጠምጥመው ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ይሰጣሉ። አንዷን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። እጄን ሳስጠጋ ገላዋ ከክፍሉ አየር ይሞቅ ነበር፤ ልክ እንደሚተነፍስ ምጣድ። ያን ቀን ካየሁ በኋላ «ዘንዶ» የሚለውን ቃል ለስድብ ሲጠቀሙበት ስሰማ ይከፋኛል።

ተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ወደ ገጾቹ ተመለስኩ። የኮምፒውተሩ «ፓይተን» ሆኗል፤ መርማሪውም ኮልቱን መዝዟል። የግሪኩ ምንጭ ወንድ ነው የሚለው፤ ስለዚህ «ፒቶን የተባለ ዘንዶ» ብዬ ስሙንም ዓይነቱንም አብሬ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በእርግጥ «አጥንት ይሰብራል» የሚል መስመር ነበረው፤ ለአርታኢዬ ጽፌያለሁ። በዚያው ገጽ ሁለት እባቦች ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ አንደኛዋ በእንቁላሎች ላይ የተጠመጠመች፣ ሌላዋ ግልገሎች የከበቧት። ከመጀመሪያዋ ሥር «ዘንዶ (ፓይተን)»፣ ከሁለተኛዋ ሥር «ቦአ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ እናትየዋ ሙቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨመርም ፈቃድ ጠይቄያለሁ።