ባለ እግር የኬክ ማስቀመጫ እቤት ስሠራ ሙጫው ለምን ለቀቀብኝ?

ጀማሪዋ ጋጋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት እቤቴ ኬክ እየጋገርኩ ለጎረቤትና ለዘመድ ድግስ አቀርባለሁ። መጋገሩ አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ኬኩን የማቆምበት ዕቃ ነው። የወደድኳቸው ባለ እግር ማስቀመጫዎች ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም፤ አቅሜ የሚችላቸው ደግሞ ለትልቅ ኬክ ይጠብባሉ።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ገዛሁና ከሥሩ የብርጭቆ ሻማ ማቆሚያ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁበት። የሻማ ማቆሚያው መቀመጫ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሌሊቱን አሳድሬው ጠዋት በሁለት እጄ ብጎትተው ንቅንቅ አላለም። በእህቴ ልደት ቀን 3 ኪሎ የሚመዝን ኬክ ጫንኩበትና ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያውን ቁራጭ ልቆርጥ ቢላዋውን ወደ ዳር ስጫነው ግን ሳህኑ ዘመመ፣ ሙጫው ጠቅ ብሎ ለቀቀ፣ ኬኩም ወለሉ ላይ ወደቀ። እንግዶቹ ሁሉ አጽናኑኝ። እኔ ግን ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሁለት ሌሊት የደከምኩበት ነበር።

አሁን የወንድሜ ልጅ 80ኛ ቀኗ እየደረሰ ነው። የክርስትናዋን ኬክ እኔ እንድጋግር አደራ ተሰጥቶኛል። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። የትኛው ሙጫ ነው የማይለቀው?

የሁለት ልጆች እናት፦

አይዞሽ እህቴ። ሱፐር ግሉ ይደርቃል እንጂ ምንም አይለጠጥም፤ ሲመታ ወይም ዳሩ ሲጎተት ይሰነጠቃል። ሳህንና ብርጭቆ ለማጣበቅ ሁለቱ የሚቀላቀሉት ኤፖክሲ ይሻላል። ከመቀባትሽ በፊት የሚጣበቁትን ሁለቱን ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊያቸው፤ ልሙጥ ነገር ሙጫ አይዝም። ከዚያ በአልኮል ጥረጊውና ቀቢው። ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል፤ ቢሆንም ሙሉ ቀን ሳይሞላው ምንም አትጫኚበት።

አናጺው ከኮልፌ፦

ልጄ፣ የደረሰብሽን ሳነብ አዘንኩ። ይሁንና ሙጫውን ያለ ጥፋቱ አትውቀሺው። ብትለውጪውም እንኳ ኬኩ መውደቁ አይቀርም ነበር፤ ያን ጊዜ ከነእግሩ ይገለበጣል።

ሒሳቡን ልንገርሽ። ሳህንሽ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እግሩ ከመሃሉ እስከ ዳሩ 5 ብቻ። 10 ሳንቲ ሜትር አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ኬኩና ማስቀመጫው አንድ ላይ 4 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ጫፉን በ2 ኪሎ ጫና ብቻ ስትነኪው መገልበጥ ይጀምራል። ቢላዋ የያዘ እጅ ከዚያ በላይ ይጫናል።

አንድ መሶብ አምጥተሽ እግሩን ተመልከቺ። እንጀራ የሚዘረጋበት ሰፊ ነው፣ ወገቡ ይጠብባል፣ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ እንደገና ይሰፋል። እናቶቻችን ይህን ለጌጥ ብቻ አልሰፉትም። ዙሪያውን ስምንት ሰው እጁን ሲያሳርፍበት እንዳይገለበጥ ነው። የአንቺ የሻማ ማቆሚያ ወገብ አለው፤ እግር ግን የለውም።

እኔ ብሠራው እንዲህ አደርገው ነበር። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ (ተነባብሮ የተጣበቀ ጣውላ) ሁለት ክብ ትቆርጫለሽ፤ የላዩ 32፣ የታችኛው 24 ሳንቲ ሜትር። ክቡን ለማውጣት ምስማርና ሲባጎ ይበቃሻል። መቁረጡን ለአናጺ ስጪው፤ በመጋዝ በእጅሽ ክብ ማውጣት ያደክምሻል፣ ውጤቱም አያምርም። ለወገቡ 110 የሚባለውን፣ ማለትም ወርዱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ፈልጊ፤ ጥቅም ላይ ያልዋለ ይሁን። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር። ቱቦው ጠማማ እንዳይቆረጥብሽ ወረቀት ዙሪያውን ጠምጥሚበትና የወረቀቱ ጫፍና ጫፍ ልክ ሲገጥም በወረቀቱ ዳር አስምሪ፤ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) መስመሩን ተከትለሽ ቁረጪ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የቱቦውን አፍ እያዞርሽ ፈትጊው።

ዋናው ነገር መያዣው ነው። ባለ ክር ዘንግ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ 18 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፤ ሁለት ዳዶ፣ ከዳዶው ሥር የሚገቡ ሁለት ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ክብ ዝርግ ብረት)። ሌላ ቦታ ካላገኘሽ ምናለሽ ተራ አታጪውም። በሁለቱም ክቦች መሃል በትራፓኖ ብሺ፤ ዳዶውና ሮንዴላው ብቅ እንዳይሉ በክቦቹ ውጭ በኩል በሰፊ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) 10 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ጎድጓዳ አውጪላቸው። የታችኛውን ክብ በዘንጉ ሰክተሽ፣ ቱቦውን አቁመሽበት፣ ውስጡን በደረቅ አሸዋ እስከ አፉ ሙዪው። 2 ኪሎ ያህል ይይዛል። ላዩን ክብ ግጠሚና በ13 ቁልፍ አጥብቂው። ዘንጉ ሁለቱን ክቦች ወደ መሃል ይስባል፣ ቱቦው ይሸከማል። ሙጫ የሚሠራው ሥራ አይኖርም።

ይህን ሠርተሽ ኬኩን ስትጭኚበት አጠቃላይ ክብደቱ ከ6 ኪሎ ተኩል አያንስም፤ አየር ላይ የሚቀረው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጫፉን ለመገልበጥ ወደ 20 ኪሎ ጫና ያስፈልጋል። በዚያ ኃይል ኬክ የሚቆርጥ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዘንጉን ከመቁረጥሽ በፊት ዳዶ አስገቢበት። ከቆረጥሽ በኋላ ዳዶውን ስታወጪው በመጋዝ የተበላሸውን ክር ያስተካክልልሻል።

ጥልፍ ወዳጅ፦

ጋሼ የጻፉትን ለራሴ ገልብጬ ያዝኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ስለ ማስጌጡ ልናገር። የኮምፔንሳቶው ዳር የተነባበረው እንጨት ስለሚታይ ስቱኮ ቀቢውና ሲደርቅ ፈትጊው፤ ከዚያ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ። ቀለሙ ላይ ግን ኬክ በቀጥታ እንዳታስቀምጪ። ቀለሙ ለምግብ የተሠራ አይደለም፤ የክሬሙ ቅባትም ይመጠጥና አይለቅም። በፎይል የተጠቀለለ ክብ ካርቶን መሃል ይግባ።

ለቱቦው ደግሞ ከሀበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥበብ ካለሽ ዙሪያውን ጠምጥሚበት። 110ሩን ቱቦ ለመዞር 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይበቃል። ለክርስትና ከዚህ የሚያምር አላውቅም። በስፌት ያዢው እንጂ አታጣብቂው፤ ክሬም ሲነካው አውጥተሽ ታጥቢዋለሽ።

የሁለት ልጆች እናት፦

አናጺ ለማያገኝና ነገ ለሚደግስ ሰው፦ ሰፊ ድስት ደፍታችሁ ላዩ ላይ ትሪ አስቀምጡ፤ በመሃላቸው የረጠበ ጨርቅ እጠፉ። ጨርቁ ትሪው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ነጭ ነጠላ ስታለብሱት ድስት መሆኑ አይታወቅም። እኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ጀማሪዋ ጋጋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ክርስትናው ባለፈው እሑድ ነበር።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሠራሁት። ሰፈራችን ያለው አናጺ ሁለቱን ክቦች ወዲያው ቆርጦ ሰጠኝ። ዘንጉን ግን ቸኩዬ 19 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆረጥኩት፤ ጫፉ ከላይ ብቅ ብሎ ካርቶኑን ወደ ላይ ገፋው። ፈትቼ አንድ ሳንቲ ሜትር በሴጌቶ መልሼ ስቆርጥ ዳዶውን አስቀድሜ ስላስገባሁ ክሩ ደህና ወጣ። አሸዋውን ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አደረቅሁት። ጥበቡ የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጠርዝ ነው፤ አረንጓዴና ወርቃማ። እናቴ ስታየው ዝም ብላ በእጇ ደባበሰችው።

ኬኩን ከመጫኔ በፊት የልብስ ማጠቢያ ሳህን ውሃ ሞልቼ አስቀመጥኩበትና ጫፉን በሙሉ ክንዴ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። በዕለቱ ቢላዋውን የያዙት አያቷ ነበሩ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛውንም ተደግፈው ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እግሩን ብቻ ነበር የማየው።

አሁን አንድ ዘመዳችን ለሰርጓ ባለ ሁለት ፎቅ ጠይቃኛለች። በዚሁ ላይ ሌላ ቱቦና ሌላ ክብ ብጨምርበት ይችላል?

አናጺው ከኮልፌ፦

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፤ የሕፃኗንም ዕድሜ ያርዝምልን።

በዚያው ላይ አትጨምሪ። ከፍታው ሲጨምር እግሩም መስፋት አለበት፣ ዘንጉም ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ሁለት ዘንግ ከቀጠልሽ መጋጠሚያው ላይ ይወዛወዛል። የታችኛውን ክብ እንደገና ማስቆረጥሽ አይቀርም። ይህንን የሠራሽውን ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ዳዶውን ፈትሺው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ትንሽ ይላላልና አጥብቂው። የሰርጉ ኬክ እያንዳንዱ ፎቅ ስንት ኪሎ እንደሚሆንና የላዩ ኬክ ወርዱ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ልኩን አውጥቼ እነግርሻለሁ።