ሮሚዮና ጁልየት፦ ፊልሙ ተውኔቱን ይዞታል ወይስ ስሙን ብቻ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬውን ክርክር ያመጣው ትናንት አብረን ያየነው የባዝ ለርማን ፊልም ነው፤ የ1996ቱ «ሮሚዮና ጁልየት»። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ እንዳንጨቃጨቅ።) ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮና ክሌር ዴንስ ይተውኑበታል። ላላያችሁት ባጭሩ፦ የሼክስፒር ቬሮና «ቬሮና ቢች» የምትባል የዘመኑ ከተማ ሆናለች። ሰይፉ ሽጉጥ፣ መስፍኑ የፖሊስ አዛዥ ሆኗል። ንግግሩ ግን ያው የ1590ዎቹ ግጥም ነው። ጥያቄው፦ ፊልሙ ያንን አሳዛኝ ተውኔት ይዞታል ወይስ ስሙን ብቻ? ስድብ ክልክል ነው።

የመድረክ ሰው፦ ስሙን ብቻ። አስቀድሜ ልናገር፤ ሽጉጡ አላስከፋኝም። መኪናውም፣ ሄሊኮፕተሩም፣ አበባ የታተመበት ሸሚዝም። ሼክስፒርም የጣልያንን ታሪክ ወስዶ ለለንደን ሰው ነው የሠራው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ተውኔቱ በጆሮ የሚታይ ነው። ያኔ የትያትር ቤቱ መሐል ጣሪያ የለውም፤ ትርኢቱ በቀን ነው፤ ጁልየትን የሚጫወተው ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ሌሊቱን የሚያመጣው ቃል ነው። ጨረቃዋን የሚያወጣትም ቃል ነው። ፊልሙ ያንን ቃል ቆራርጦ ቦታውን በሙዚቃና በጩኸት ሞላው። ተዋናዩ ትንፋሹን ሳይጨርስ ካሜራው ዘሎ ሌላ ቦታ ነው።

ሲኒማ ወዳድ፦ ኧረ በናትህ! ያ መዝለል እኮ የተውኔቱ ፍጥነት ነው። ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ነው። እዚያ ፍቅሩ ወራት ይወስዳል። ሼክስፒር ወራቱን ጨምቆ አራት አምስት ቀን አደረገው። እሑድ ተያዩ፣ ሰኞ ተጋቡ፣ ሐሙስ መቃብር ውስጥ ናቸው። ይሄ በዝግታ የሚነበነብ ነገር ነው? መድረክ ላይ ያየኋቸው ዝግጅቶች አብዛኞቹ በየመስመሩ እያረፉ ሲያነቡልኝ እንቅልፌ ነው የመጣው። ለርማን ያደረገው ልጆቹን እንደገና ማስሮጥ ነው።

ደግሞ ቃሉን ጣለ አትበለኝ። መጀመሪያ ሲገናኙ ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚሉት ተደምሮ ባለ 14 መስመር ሶኔት ይሆናል። ውብ ነው። ግን ስንት ተመልካች በጆሮው ቆጥሮ ይደርስበታል? ፊልሙ መጀመሪያ በዓሣ ገንዳ መስታወት ግራና ቀኝ አቆማቸው። ይተያያሉ። አንድም ቃል የለም። ከዚያ ነው ሶኔቱን የሚያናግራቸው፤ አሳንሰር ውስጥም ይሳሳማሉ። ዓይኑም ጆሮውም ድርሻውን አገኘ።

ፖፕኮርን፦ ያ ገንዳ ያለው መጸዳጃ ቤቱ ጋ መሆኑን ያየ አለ? የዓለም ታላቁ ፍቅር ከሽንት ቤት ተጀመረ 😂

መምህሯ፦ ሽጉጡንም ገንዳውንም እንለፈውና ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ለኔ ክርክሩ እዚያ ነው ያለው።

ታሪኩን ለረሳ፦ ጁልየት የሞተች የሚያስመስል መድኃኒት ትጠጣለች። መነኩሴው ሎሬንስ «አልሞተችም፤ መጥተህ ውሰዳት» የሚል ደብዳቤ ማንቱዋ የምትባል ከተማ ተሰዶ ላለው ለሮሚዮ ይልካል። ደብዳቤው አይደርስም። ለምን? በተውኔቱ ደብዳቤውን የያዘው መነኩሴ ጆን ወረርሽኝ ያለበት ቤት ገብቷል ተብሎ ተጠርጥሮ በር ተዘግቶበታል። የተመደቡ ሰዎች መጥተው በሩን ያሽጋሉ፤ ከፍርሃት የተነሳ ደብዳቤውን መልሶ የሚያደርስለት ሰው እንኳ ያጣል። በፊልሙ ግን የፈጣን መልእክት ሠራተኛ ሮሚዮ የተጠለለበት ተጎታች ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሮሚዮ የለም፤ ወረቀት ትቶ ይሄዳል። በቃ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገቢር ተመለሱ። የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሺዮ በሁለቱ ቤተሰቦች ጠብ መሐል ገብቶ ተወጋ። ሲሞት «ወረርሽኝ ሁለቱንም ቤታችሁን ይምታ» ብሎ ይረግማል፤ ደጋግሞ። እርግማኑ በአምስተኛው ገቢር ደረሰ ማለት ነው። ወረርሽኙ እውነት መጣ፤ አንድ ቤት አሸገ፤ በዚያ ሳቢያ ሁለቱም ቤቶች ልጅ አልባ ሆኑ። ከ1592 እስከ 1594 የለንደን ትያትር ቤቶች በዚሁ በሽታ የተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ነበር። ተውኔቱን መጀመሪያ ያየው ሰው የታሸገ በር ምን እንደሆነ ያውቃል። ፊልሙ እርግማኑን ይዞ ፍጻሜውን አወጣው። ሐረጉ አለ፤ የሚይዘው ነገር ግን የለም።

ሲኒማ ወዳድ፦ መምህር፣ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ግን በ1996 የትኛው ተመልካች ነው ታሽጎ የቀረ መልእክተኛ አምኖ የሚቀበል? ሰው ይስቅ ነበር።

መምህሯ፦ በ1996 ይስቅ ይሆናል። ከ2020 በኋላ ማንም አይስቅም። ተማሪዎቼ ያንን አጭር ትዕይንት ድሮ ዘለው ያልፉት ነበር። ከኮሮና ወዲህ ቆመው የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው።

የመድረክ ሰው፦ እናመሰግናለን መምህር። እኔ የምጨምረው መቃብሩን ነው። በተውኔቱ ሮሚዮ መቃብሩ ደጃፍ ላይ ፓሪስን ያገኘዋል፤ ወላጆቿ ለጁልየት የመረጡላትን ባል። ፓሪስ አበባ ይዞ ሊያለቅስላት ነው የመጣው። ሮሚዮ ማንነቱን ሳያውቅ ይገድለዋል። ከገደለው በኋላ ፊቱን አይቶ ይለየዋል፤ ልጁ ሲሞት በለመነው መሠረት ወስዶ ከጁልየት አጠገብ ያጋድመዋል። ፊልሙ ይሄን ሁሉ አወጣው። ፓሪስ በሕይወት ወደ ቤቱ ሄደ። ለምን? ዲካፕሪዮ በመጨረሻው ሰዓት እጁ ደም እንዳይነካ! ልጃገረዶች እንዲያለቅሱለት።

ሲኒማ ወዳድ፦ አሁን ልጃገረዶችን ምን አመጣቸው? እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ይሁን? ለነገሩ በፊልሙም ቢሆን የጁልየትን ዘመድ ቲባልትን በጥይት የገደለው ሮሚዮ ነው። እጁ ንጹሕ አይደለም። የፓሪሱን ደግሞ ለርማን አይደለም የጀመረው። የጣልያናዊው ዳይሬክተር የዘፊሬሊ የ1968ቱ ፊልምም ላይ የለም፤ እሱን ግን ሁላችሁም «ክላሲክ» ትሉታላችሁ።

የመድረክ ሰው፦ እኔ አላልኩም። ሁለቱም ፈርተዋል። ገዳይ የሆነን አፍቃሪ ማዘን ከባድ ነው፤ ተውኔቱ የሚጠይቀን ግን እሱን ነው። ሮሚዮ ጥሩ ልጅ ነው፤ በመጨረሻዋ ሌሊትም ሰው ይገድላል። የጠቡ መርዝ እሱም ውስጥ ገብቷል። ፊልሙ መርዙን ጠርሙስ ውስጥ ብቻ አስቀረው።

ፖፕኮርን፦ ይሄኛው ጎል ነው። ዋው።

ሲኒማ ወዳድ፦ ቆይ ፖፕኮርን፣ አታጨብጭብ። ስለ መቃብሩ ከተነሳ ዋናውን ማን ተናገረ? በተውኔቱ ጁልየት ስትነቃ ሮሚዮ ሞቷል። በፊልሙ መርዙን ሊጠጣ ሲል ዓይኗ ተከፍቷል። እጇ ፊቱን ሲነካው ጠጥቶታል። ያያታል። ያውቃል። ከዚህ በላይ አሳዛኝ ነገር ታውቃላችሁ? በተውኔቱ እሱ ሞታለች ብሎ አምኖ ይሞታል፤ አለማወቅ እንኳ ትጋርደዋለች። ለርማን ያቺን አለማወቅም ነጠቀው። ከዚያ ሎሬንስን ከትዕይንቱ አስወጣው። በመድረኩ ሎሬንስ ይገባል፣ ይናገራል፣ ድምፅ ሰምቶ ደንግጦ ይሮጣል። በፊልሙ ማንም የለም። ሻማው፣ ዝምታው፣ ሽጉጡ።

መምህሯ፦ ያም ቢሆን ፈጠራው የለርማን አይደለም። ጣልያናዊው ባንዴሎ በ1554 ባሳተመው ታሪክ ጁልየት የምትነቃው ሮሚዮ ሳይሞት ነው፤ ይነጋገራሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዴቪድ ጋሪክ የተባለው ታዋቂ የእንግሊዝ ተዋናይም ተውኔቱን ሲያዘጋጅ ቀድሞ አነቃት፤ ያ ስሪት ለረጅም ዘመን መድረኩን ይዞ ቆይቷል። ሰው ይሄንን ስንብት ሁልጊዜ ይፈልገዋል። ሼክስፒር ነው የከለከለው።

የመድረክ ሰው፦ ለምን እንደከለከለ ግን አስቡት። ስንብት ካለ ታሪኩ የሁለቱ ብቻ ይሆናል። ስንብት ከሌለ ዓይናችን ወዴት ይሄዳል? ወደ ውጭ። ወደ አባቶቹ። ወደ ከተማው። ሎሬንስ የሚገባው፣ ዘበኞቹ የሚመጡት፣ መስፍኑ ምርመራ የሚጀምረው ለዚህ ነው። እኛን አልቅሳችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ አይለንም፤ ማን አጠፋ እያለ ያቆየናል።

አንጋፋው፦ ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ሮሚዮን እኔ ያወቅኩት በከበደ ሚካኤል አማርኛ ነው፤ ፊልሙን ያየሁት ከልጄ ጋር ነው። እኔን ያጎደለብኝ እርቁ ነው። በተውኔቱ ሁለቱ ደመኞች ሬሳ ፊት ይጨባበጣሉ። በፊልሙ የፖሊሱ አዛዥ ይጮህባቸዋል፤ ሬሳው በአምቡላንስ ይጫናል፤ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዋ ትዘጋዋለች። እርቅ የት ሄደ? እኛ አገር ደም የተቃባ ሰው ሽማግሌ ገብቶበት፣ ካሣው ተከፍሎ ነው ነገሩ የሚያበቃው። ሳይታረቁ የተለያዩበት ታሪክ እኔን አላለቀልኝም።

ሲኒማ ወዳድ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ያ እርቅ ግን እርቅ ነው? የሮሚዮ አባት ሞንታግ «ልጅህን ከንጹሕ ወርቅ ሐውልት አሠራላታለሁ» ይላል። የጁልየት አባት ካፑሌት ወዲያው «እኔም ለሮሚዮ እንደሷ ያለ» ይላል። ልጆቻቸው ሳይቀበሩ በወርቅ እየተፎካከሩ ነው! ያውም ሮሚዮ ራሱ መርዙን ሲገዛ ለሻጩ «ከመርዝህ ይልቅ ይሄ ወርቅ ይገድላል» ብሎ ነበር። ለርማን ያንን መጨባበጥ ስላላመነበት ነው የተወው።

አንጋፋው፦ ልጄ፣ እኔም አላመንኩበትም። ሽማግሌ ሆኜ ስንት የውሸት መጨባበጥ አይቻለሁ መሰለሽ። ግን እንዳላምነው እንኳ መጀመሪያ ያሳየኝ። መድረኩ አሳየኝ፤ ፊልሙ ደበቀብኝ።

የመድረክ ሰው፦ ጋሼ 👏

ሲኒማ ወዳድ፦ አልተሸነፍኩም። የፊልሙ ዜና አንባቢ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ የምትመጣው በከንቱ አይደለም። የከተማው ሕዝብ እነዚህን ልጆች እንደ አንድ ቀን ዜና አይቶ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል ነው የሚለን። እናንተ ከተማው ወጥቷል ትላላችሁ፤ እኔ ከተማው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር እላለሁ።

መምህሯ፦ ይሄኛውን ተማሪዎቼ ፊት ልታነሺው ይገባል። እኔ መጀመሪያ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ገቢር ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ከዚያ ነው ፊልሙን የማሳያቸው። መጀመሪያ ፊልሙን ካዩ ፓሪስን ማንም አይፈልገውም።

ፖፕኮርን፦ ፓሪስን ድሮም ማንም አልፈለገውም 😭

አወያይ፦ እሺ፣ ድምፅ እንስጥ። «ተውኔቱን ይዞታል» የሚል 1፣ «ስሙን ብቻ» የሚል 2። ጋሼ፣ ሁለቱንም መምረጥ አይቻልም፤ አይቼዎታለሁ።