ጥቆማ፦ ጠገራ ብራችሁን ለማን ታሳያላችሁ? ድሬና ሐረር ላላችሁ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። «የአያቴ ሣጥን ውስጥ ጠገራ ብር አገኘሁ፤ የት ወስጄ ላስገምተው? ጭረት አለበት፣ ዋጋው ይወርዳል ወይ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ድሬና ሐረር ውስጥ የሞከርኳቸውን ቦታዎች፣ የቱ ለምን እንደሚሆን እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ እባካችሁ አታጽዱት። በሎሚም፣ በአመድም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በደረቅ ጨርቅም አትሹት። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከአያቴ የወረስኩት የምኒልክ ብር ነበረኝ፤ 1889 ዓ.ም. የሚል። ጠቁሮ ስለነበር ጌጣጌጥ ለሚያጸዳ አንድ ሱቅ ሰጠሁት። ሲመልሱልኝ እንደ መስታወት ያበራል። ደስ ብሎኝ ቀደም ሲል ልግዛህ ላለኝ ሰብሳቢ አሳየሁት። መብራት ስር ዞር ዞር አደረገውና መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «በፊት ያልኩህን ግማሹንም አልሰጥም» አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲም ሲመታ፣ ማለትም ቅርጹ በኃይል ሲታተምበት፣ ብረቱ ተጨፍልቆ ወደ ዳር ይፈሳል። ሲፈስ ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ መስመሮች ይተዋል። ያ ሲያዞሩት ክብ እየሠራ የሚሄደው ወዝ የሚመጣው ከነሱ ነው። ሲታሽ መስመሮቹ ይጠረጋሉ፣ በቦታቸው ጸጉር የመሰለ ጭረት ይቀራል። ብሩ ያበራል፣ ወዙ ግን የለም። ደግሞም አይመለስም። የጠቆረው ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ ጉዳት አይደለም። ብር ከአየር ውስጥ ድኝ ሲያገኝ ይጠቁራል፤ እኩል የጠቆረ ብር የሚመርጡ ሰብሳቢዎችም አሉ።

ለሳንቲም ደረጃ የሚሰጠው ከ1 እስከ 70 ባለ መለኪያ ነው። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ነው። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልተዘዋወረ ማለት ነው። ከዚያ በታች እንደተበላው መጠን ይወርዳል። የምኒልክ ብር ላይ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የወጣው ቦታ ነው፤ ዘውዱንና የአንበሳውን ጋማ እዩ። በእጅ ብዛት መበላት ነውር የለውም። በመለኪያው 20 ያገኘ ሳንቲም ጤነኛ ባለ 20 ደረጃ ሳንቲም ነው። የታሸ፣ የተበሳ፣ የተበየደ ወይም ጠርዙ ክፉኛ የተመታ ግን ቁጥሩን ያጣል። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች «ዲቴይልስ» ብለው ጉዳቱን ጽፈው ይመልሱታል። ስለዚህ ያረጀና ማንም ያልነካካው ብር፣ ከሚያብረቀርቅ ግን ከታሸ ብር ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው ጉድለት ነው። የተሰነጠቀ መምቻ የተወው መስመር፣ ደከም ብሎ የታተመ ፊደል፣ ከመመታቱ በፊት ብረቱ ላይ የነበረ ጉድጓድ፣ እነዚህ ከተጠቃሚ እጅ እንደመጣ ጭረት አይቆጠሩም። የሐረር አሚሮች ያስመቱት የድሮ ሳንቲም፣ መሐለቅ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀጭን ነው፣ በእጅ የተመታ ነው፣ ጽሑፉ ወደ አንድ ጎን የሸሸበት ብዙ ነው። «ጠማማ ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰብር ገዢ ካጋጠማችሁ አትስሙት። ጥርጣሬ ካላችሁ ጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙ። የሳንቲም ስብስብ አላቸው። የድሮ ሳንቲም በእውን ምን እንደሚመስል ዓይናችሁን ታስለምዳላችሁ። እኔ ከየትኛውም ሻጭ በላይ የተማርኩት እዚያ ቆሜ ነው።

እንግዲህ ወደ አገልግሎቱ።

ለክብደትና ለብርነቱ፦ የጀጎል ብር አንጥረኞች። እጃቸው ራሱ ሚዛን ነው። የድሮው ወቄት የአንድ ማሪያ ትሬዛ (የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለበት ጠገራ ብር) ክብደት ስለነበር ቁጥሩ ከነሱ አይጠፋም፤ 28.07 ግራም ነው፣ ከሺው 833 እጅ ንጹሕ ብር። ሐሰተኛውን ድምፁን ሰምተው የሚለዩ ሽማግሌዎች አሉ። ግን አንድ ነገር እወቁ፤ አንጥረኛ የሚገዛው በግራም ነው። ለሱ የታሸውም ያልታሸውም አንድ ነው። በሙያው ልክ ነው፣ አልወቅሰውም። አስመዝኑ፣ አመስግኑ፣ ብርቅ የሆነውን ግን እዚያ አትሽጡ። ደግሞ ደጋግማችሁ «እንዳትነካው» በሉ፤ ደግነታቸው በዝቶ ወልውለው ሊመልሱላችሁ ይችላሉ።

ድሬ ቀፊራ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሌላ ናቸው። ብዙ ያያሉ፣ ዋጋም ያውቃሉ፣ ግን ሻጭም ገዢም ናቸው። ዋጋ ለመስማት ይሆናሉ እንጂ ደረጃውን ለመፍረድ አይሆኑም። ሦስቱን ጠይቁ፣ በዚያው ቀን አትሽጡ።

ጭረት ለማየት የኔ ምርጫ ሰዓት ሠሪ ነው። ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት አጉሊ መነጽር አሥር እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ በቂ ነው። ድሬ መጋላ አካባቢ ያሉትን በትሕትና ከጠየቃችኋቸው ያሳዩአችኋል። መብራቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከጎን ይምጣ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ ታሽቷል ማለት ነው። በኪስና በከረጢት የመጣ ጭረት ወዲያና ወዲህ ነው። የስልክ ፎቶ በፍላሽ ግን ያታልላል፣ በሱ አትገበያዩ።

የራሳችሁ ሚዛን ብትገዙ ደግሞ ይሻላል። ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ የኪስ ዲጂታል ሚዛን ይገኛል፤ እስከ 0.01 ግራም የሚያነበውን ያዙ። ሱቁ ውስጥ ለመፈተሽ ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር መርፌ ያዙ። ባዶውን አስቀምጣችሁ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ መልሱት። ወደ 10 ግራም ካላሳየ አትግዙ።

ማስቀመጫ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የድሬ ሙቀት ምሕረት የለውም። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው ለስላሳ ፕላስቲክ አልበም፣ አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸተው ዓይነት፣ ፒቪሲ ነው። እየቆየ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣና ብሩን ይበላዋል። በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ጠንካራ ክብ ካፕሱል ወይም ማይላር (ስስ ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ያለው ካርቶን ይሻላል። እዚህ ካላገኛችሁ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስመጡ። እስኪመጣ እያንዳንዱን ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉ፤ ሁለት ብር እርስ በርስ አይነካካ። አረንጓዴው ከጀመረ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይረዳል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፣ እሱ ቀለምና ዘይት አለበት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አይኑር፣ አትሹት።

ወደ ውጭ ልኮ ደረጃ ማሰጠትስ? ለማሪያ ትሬዛ አልመክርም። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል 1780 (እ.ኤ.አ.) ተጽፏል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር በዚሁ ቀን ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ የሞላ ነው፤ ጭረት ያለበት ብዙም ሳይርቅ በብሩ ክብደት ዋጋ ላይ ያርፋል። ያልታሸ፣ ያልተበላ የምኒልክ ብር ከሆነ ግን ያስኬዳል። ቅርስን ከሀገር ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በአዋጅ 209/1992 ተደንግጓል፤ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሐረር የጻፈችልኝ እህት ነው። የእናቷ ማሪያ ትሬዛ ለአንገት ጌጥ ቀለበት ተበይዶበታል። «አስነቅዬው እንደ ሳንቲም ልሽጠው?» ትላለች። አይ እህቴ፣ አታስነቅዪው። ብየዳው ሲነሳ ጠባሳው ይቀራል፣ ያኔ ጌጥም አይሆን፣ ሳንቲምም አይሆን። እንዳለ ከነሰንሰለቱ ጀጎል ላሉ ጌጥ ሻጮች አሳዪው። በሳንቲም መለኪያ ጉዳት የተባለው ብየዳ እነሱ ዘንድ ሥራ ነው፤ ዋጋ ይሰጡበታል።