የብሬከን እና ራድኖርሽር የማሟያ ምርጫ፦ ያልታሰረ ተመራጭ እንዴት ወንበሩን አጣ?

የካርዲፉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) በዌልስ ገጠር የተደረገው የማሟያ ምርጫ ሁለት ነገሩ አልገባኝም። የአካባቢው የፓርላማ አባል የነበሩት የወግ አጥባቂ ፓርቲው ክሪስ ዴቪስ አልሞቱም፣ በፈቃዳቸው አልለቀቁም፣ አልታሰሩም። ወንበሩ እንዴት ባዶ ሆነ? ከወረዱ በኋላስ እንዴት ተመልሰው ተወዳደሩ?

አንቀጽ፦
መልሱ የ2015ቱ የይውረድልን ሕግ ውስጥ ነው፤ መራጮች ፊርማ አሰባስበው የፓርላማ አባላቸውን የሚያወርዱበት ሕግ ነው። ፊርማ የሚያስከፍቱት ምክንያቶች 3 ናቸው፦ የእስር ፍርድ፣ ከምክር ቤቱ ቢያንስ ለ10 የስብሰባ ቀናት መታገድ፣ ወይም በሐሰተኛ የወጪ ጥያቄ ጥፋተኛ መባል። በሦስተኛው ቅጣቱ ምንም ያህል ቢያንስ ለውጥ የለውም። ዴቪስ ለቢሮአቸው በ700 ፓውንድ የገዟቸውን 9 ፎቶግራፎች ዋጋ በሁለት የበጀት ርዕስ ለመክፈል ሲሉ የ450 እና የ250 ፓውንድ ሐሰተኛ ደረሰኝ አዘጋጁ። 1,500 ፓውንድና የ50 ሰዓት ያለክፍያ ሥራ ተፈረደባቸው።

ፊርማው 6 ሳምንት ክፍት ይሆናል፤ ከተመዘገበው መራጭ 10 በመቶ ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ነው። እዚያ 5,303 ይበቃ ነበር፣ 10,005 ፈረመ። ወረቀቱ ላይ «አልስማማም» የሚባል ምርጫ የለም፤ የሚቃወም ሰው ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። በትንሽ ከተማ ወደ መፈረሚያው መግባት በራሱ አቋምን ያጋልጣል፣ ይህ የሕጉ ደካማ ጎን ይመስለኛል። መልሶ መወዳደርን ግን አይከለክልም። የሚከለክለው ከ1 ዓመት የበለጠ የእስር ፍርድ ነው።

ቆጣሪ፦
ውጤቱንም እንየው። የሊበራል ዴሞክራቷ ጄን ዶድስ 13,826፣ ዴቪስ 12,401፤ ልዩነቱ 1,425። የዌልስ ብሔርተኛው ፓርቲ ፕላይድ ከምሪ እና አረንጓዴው ፓርቲ (ግሪን) ለዶድስ ሲሉ ዕጩ ስላላቀረቡ ድሉ የስምምነታቸው ፍሬ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ፕላይድ በ2017ቱ ጠቅላላ ምርጫ እዚያ ያገኘው ግን 1,299 ነው፤ ሁሉም ወደ ዶድስ ቢዞር እንኳ ልዩነቱን አይሞላም። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን የሚደግፈው ብሬግዚት ፓርቲ የወሰደው 3,331 ይበልጥ ከባድ ነው፣ ግማሹ ለዴቪስ ቢገባ ወንበሩ አይወጣም ነበር። ሌበር ከ7,335 ወደ 1,680 ወረደ። ዕጩ የሚያስይዘው 500 ፓውንድ እንዲመለስ ከጠቅላላው 31,814 ድምፅ 5 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ሌበር ያለፈው በ90 ያህል ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በ2017 ድምፅ የሰጠው 41,334 ሰው ነበር። ስለዚህ ሌበር ያጣው ሁሉ ለዶድስ ገባ አይባልም፤ ፓርቲያቸው የጨመረው 1,783 ብቻ ነው።

የካርዲፉ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ እንዲህ ያለ ምርጫ ቢመጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው የዌልስ ነዋሪ መምረጥ ይችላል?

አንቀጽ፦
ለለንደኑ ፓርላማ አይችልም፤ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም ብቁ የኮመንዌልዝ ዜጋ መሆን ይጠይቃል። ለዌልስ ፓርላማና ለአካባቢ ምክር ቤት ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሁሉ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ይመርጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ ለሁሉም ምርጫ የተፈቀደለት ይመስለዋል።

ዜግነት የወሰዳችሁ ደግሞ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ተመዝገቡ። ከ2023 ወዲህ ለለንደኑ ፓርላማ ጣቢያ ሄዶ ለመምረጥ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ነው፣ ለዌልስ ፓርላማ ግን አይጠየቅም። መታወቂያ የሌለው ሰው የመራጭ ማረጋገጫ በነፃ ያወጣል፤ ማመልከቻው ምርጫው 6 የሥራ ቀን ሲቀረው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል።